ርካሹ የካንሰር መድኃኒት ያስተማምናል?

ጥያቄ፦ ለእህቴ የጡት ካንሰር ትራስቱዙማብ ታዘዘላት፤ የዋናው ዋጋ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ርካሹን አቻ መድኃኒት ብንገዛስ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መድኃኒቱ በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረት ፕሮቲን በመሆኑ፣ ፓተንቱም (የአምራቹ የፈጠራ መብት) ለዓመታት ተፎካካሪ ከልክሎ ስለኖረ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፤ በ2019 ደግሞ የመጀመሪያውን አቻ፣ ማለትም ዋናውን እንዲመስል ተደርጎ በሌላ ኩባንያ የተሠራውን፣ መርምሮ ብቃቱን አረጋግጧል። ስለዚህ በአገራችን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ አቻ ከሆነ ርካሽነቱ አያስጠርጥርዎ። የሚያሰጋው በሻንጣ ተይዞ የሚመጣው ነው፤ ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበት፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ በአውቶቡስ ሲንገላታ ለዋለው ማንም ዋስ አይሆንም። ከሁሉ አስቀድመው ግን የእጢው ናሙና የኸር2 (መድኃኒቱ ዒላማ የሚያደርገው በካንሰር ሴሎች ላይ ያለ ፕሮቲን) ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ መሆኑን ሐኪሟን ይጠይቁ፤ ካልሆነ መድኃኒቱ አይጠቅማትም።