ጭስ የበዛበት ሥጋ ለምን ይመርራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ወር ከታች የከሰል ማስቀመጫ፣ ከመካከል የውሃ ሳህን፣ ከላይ የሥጋ መደርደሪያ ያለው አዲስ የከሰል ስሞከር፣ ማለትም ሥጋን በጭስና በዝግታ የሚያበስል ምድጃ፣ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሰሉን ሞልቼ፣ ማቀጣጠያ ፈሳሽ አርከፍክፌና ብዙ እንጨት ጨምሬ አራት ኪሎ ፍርምባ አስገባሁ። ጓሮው በነጭ ጭስ ታፈነ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያወጣሁት ሥጋ ላዩ ጥቁርና መራራ፣ ውስጡ ደግሞ ጥርስ የማይበጥሰው ሆነ። ለፋሲካ ዘመድ ለመጥራት አስቤ ነበር። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የዕቃው ጉድለት አይመስለንም። በደብዳቤዎ ውስጥ በቅድሚያ ያስተዋልነው ያልጠቀሱትን ነገር ነው፤ ስሞከሩን አላሟሹትም። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ ከፋብሪካ የመጣ የብረት ምድጃም የማሽን ዘይትና አቧራ ሊቀርበት ስለሚችል ምግብ ሳይገባበት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መንደድ አለበት። ውስጡ ኢናሜል ያልተቀባ ብረት ከሆነ አስቀድመው በስሱ የምግብ ዘይት ይቀቡት። በዚያ ቀን ሥጋ ስለማይበላሽብዎት የአየር ቀዳዳዎቹን እየከፈቱና እየዘጉ ሙቀቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ በማስታወሻ ይመዝግቡ፤ ይህ መዝገብ ከዕቃው ጋር ከሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ምሬቱን ያመጣው ነጩ ጭስ ነው። እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲጨስ በደንብ ያልተቃጠሉ ነገሮች ከጭሱ ጋር ወጥተው ሥጋው ላይ ይጋገራሉ፤ ቅጥራን የሚመስለው መራራ ሽፋን የሚፈጠረው ከዚህ ነው። የሚፈለገው ጭስ ስስ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና አንዳንዴም ለዓይን የማይታይ ነው። እናቶቻችን የጠላ እንስራ ወይም የወተት ቅል ሲያጥኑ ጥቂት የወይራ ስንጥር ይበቃቸው ነበር እንጂ ሸክም ፍልጥ አያነዱበትም። ሥጋም እንደዚያው ነው፤ የሚያበስለው ከሰሉ ሲሆን እንጨቱ በልክ የሚጨመር ቅመም ነው። የጡጫ መጠን ያላቸው ሦስት ወይም አራት ደረቅ የኦክ፣ የፖም ወይም የቼሪ ጉማጆች ለአንድ ሙሉ ቀን ይበቃሉ። ጥድና ቀለም የነካው እንጨት ፈጽሞ አይገባም።

ማቀጣጠያ ፈሳሹንም ይተዉት፤ ሽታው ወደ ምግቡ ይዘልቃል። በምትኩ ከሥሩ ወረቀት እየተነደደ ከሰል የሚያቀጣጥለውን ረጅም ቆርቆሮ ይግዙ። ያልነደደውን ከሰል በማስቀመጫው ሞልተው መካከሉን ጎድጎድ ያድርጉ፤ ጉማጆቹን በከሰሉ ውስጥ ይቅበሩ። ከዚያም በቆርቆሮው ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የተጨመቁ የከሰል ጡቦች አመድ እስኪለብሱ አንድደው በጉድጓዱ ላይ ይገልብጧቸው። እሳቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ቀስ ብሎ ስለሚዛመት ለብዙ ሰዓት ይቆያል። አሜሪካውያን ይህን አነዳድ ባስተዋወቀው ሰው ስም የሚንየን ዘዴ ይሉታል። እርስዎ ግን ከሰሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስላቀጣጠሉ፣ እሳቱ ሲበረታ አየሩን ዘግተው ለማፈን የተገደዱ ይመስለናል፤ የነጩ ጭስ መነሻም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሙቀቱ ከ225 እስከ 250 ፋራናይት፣ ማለትም ከ107 እስከ 121 ሴልሺየስ ይሁን። የላይኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሥራው መቆጣጠሪያ የታችኞቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ሙቀቱ ካለፈ በኋላ መመለስ ከባድ ስለሆነ 210 ፋራናይት ሲደርስ ከወዲሁ ማጥበብ ይጀምሩ፤ አንድ ቀዳዳ ከነኩ በኋላም ሌላውን ሳይነኩ 15 ደቂቃ ይታገሡ። ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት ሁለት ጉዳት አለው፤ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከሰሉም ያልታሰበ አየር ያገኝና በኋላ ይጋልባል። የውሃው ሳህን ባዶ እንዳይሆን ይጠብቁ፤ ውሃ ከመፍያው ነጥብ በላይ ስለማይሞቅ የምድጃውን ሙቀት ያረጋጋል።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። በአሜሪካ የሚጻፉ መመሪያዎች ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያስጀምሩት በአሳማ ትከሻ ነው፤ ስብ ስለሚበዛበት ስሕተት ይሸከማል። አብዛኞቹ አንባቢዎቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ይህን ሥጋ ስለማይበሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ወደ ፍርምባ ይሄዳሉ፤ ፍርምባ ግን የመጨረሻው ፈተና መሆን የነበረበት ነው። በዶሮ ጭን ይጀምሩ። ዶሮ በማንኛውም ክፍሉ ቢያንስ 165 ፋራናይት መድረስ አለበት፤ ጭኑ ግን እስከ 180 ቢዘልቅ ይበልጥ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የበግ ወርች ይሞክሩ። ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ወርች ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የፍርምባዎ ጥንካሬ ምክንያት መቸኮል ነው። በሥጋው ውስጥ ያለው ጅማት ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚለወጠው በከፍተኛ ሙቀት ብዙ ሰዓት ሲቆይ ስለሆነ፣ አራት ኪሎ ፍርምባ ከአሥር ሰዓት በላይ ቢወስድ አያስደንቅም። በመካከሉ፣ የሥጋው ውስጥ 150 ወይም 160 ፋራናይት ሲደርስ፣ ቴርሞሜትሩ ለሰዓታት ፈቀቅ አልል ይላል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ ወይም ከሰል ይጨምራሉ። ሆኖም የተበላሸ ነገር የለም፤ ከሥጋው ላይ የሚተነው እርጥበት ላብ ሰውን እንደሚያቀዘቅዘው ሥጋውን እያቀዘቀዘው ነው። ላዩ መልካም ቡናማ ቀለም ከያዘ በፎይል ጠቅልለው ይመልሱት፤ ውስጡ 200 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስና የቴርሞሜትሩ ዘንግ ያለ ትግል ሲገባ ያውጡት። ከዚያም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቆረጥ ይረፍ።

ለቅመሙ፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው፣ በኋላም ቁንዶ በርበሬ ይበቃል፤ የቴክሳስ ፍርምባ ስሙን ያተረፈው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ለረጅም ሰዓት በጭስ ውስጥ ሲቆዩ መዓዛቸው ስለሚደክም፣ ከንጥር ቅቤ ጋር ለውሰው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት እንዲቀቧቸው እንመክራለን።

ስለ ፋሲካ አንድ ነገር እናስታውስዎ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ከቅበላ በኋላ የሥጋ ልምምድ የለም፤ የዶሮውንና የበጉን ሙከራ አሁን ይጨርሱ። በጾሙ ወራት እሳቱን መለማመድ ከፈለጉ ቲማቲም፣ ቃሪያና እንጉዳይ ይጠኑበት፤ ለስልስ እጅግ ይጥማሉ። በበዓሉም ሌሊቱን ጾሙ በዶሮ ወጥ ይገደፍ፤ እሳት ለኩሶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማይገባ ስሞከሩን እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢያነዱ በጉ ለዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ያኔ እየቀመሱ መሥራትም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አፓርታማ ውስጥ እኖራለሁ። ትንሽ ስሞከር በረንዳ ላይ ማንደድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ብዙ የአፓርታማ ውሎችና የእሳት አደጋ ደንቦች በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድን ይከለክላሉ፤ ባይከለክሉም አይሞክሩት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በአገራችን ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው በተኙበት ስለቀሩ ሰዎች ስንቴ ሰምተናል! ጋራዥም በሩ ቢከፈት እንኳ ቤት ማለት ነው። ወደ ተፈቀደ የመናፈሻ ቦታ ይውሰዱት፤ አመዱንም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አቆይተው ይድፉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ከአሮጌ በርሜል ስሞከር ላሠራ አስቤያለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ በርሜሉ ምን እንደነበረበት ይወቁ። ኬሚካል የነበረበትን አይንኩ፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል፤ እሱም ውስጡ በቀለም ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ እስከ ባዶ ብረቱ መፋቅ አለበት። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲግል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ለመደርደሪያም ለክዳንም አይሁን። የግራር ከሰል ለዚህ ሥራ መልካም ነው፤ ከወይራው ጥቂት ስንጥር ይጨምሩበት።

ከላይ ለሜሪላንዱ አንባቢ የሰጠነውን ቁጥር ግን እንዳለ አይውሰዱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሥጋ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ውስጡ 93 ሴልሺየስ፣ ማለትም ከላይ ያልነው 200 ፋራናይት፣ እስኪደርስ ቢጠብቁ እርጥበቱ ያልቅና ይደርቅብዎታል። ከ87 ሴልሺየስ ጀምረው በየግማሽ ሰዓቱ በቀጭን ዘንግ እየወጉ ይፈትሹት፤ ዘንጉ እንደ ለጋ ቅቤ ሲገባ ያውጡት። የውሃውንም ሳህን ከባሕር ጠረፍ ሰው ቀድመው መሙላት ይኖርብዎታል።