ሥራ ያቋረጠው ጸሎት ዕዳ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ወሎ፣ ጃማ ነው፣ ገበሬ ነኝ። ዲያቆናቱ እንደሚያደርጉት ዳዊትን በየሳምንቱ ልጨርስ ብዬ ከጥቅምት ጀምሬ ነበር። ግን አንድ ቀን ላሟ ታምጣለች፤ አንድ ቀን ደመና ሲመጣ ጤፉን ልከምር እሮጣለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ የወንፈል ተራዬ ይደርሳል። ያመለጠኝን ማታ ላካክስ ስል እንቅልፍ ይጥለኛል። ዕዳው ሲበዛብኝ መጽሐፉን ሰቅዬ ተውኩት። ልጄ በጸሎት መሐል ሲጠራኝም እቆጣዋለሁ። የሚያደናቅፈኝ ሰይጣን ነው? ደግሞስ የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ ሳለ እሑድ ዝናብ ቢመጣ መሰብሰብ ኃጢአት ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተም ይሁን። ከዕዳው እንጀምር፤ ገበሬ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሡት እሱን ነውና።

ዳዊት በ15 ንጉሥ ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው፤ የሰኞ ድርሻ ሦስት ንጉሥ ነው። እነሱ ቢያመልጡህና ማክሰኞ ላካክስ ብትል ስድስት ይጠብቁሃል። የረቡዕ ሁለት ሲጨመሩ ስምንት፣ ሐሙስ ማታ ላይ 11 ንጉሥ፣ ማለትም 110 መዝሙር። ቀኑን ሙሉ እርፍ ጨብጦ የዋለ ሰው ይህን በኩራዝ ቁጭ ብሎ ሊወጣው አይችልም፤ ዓርብ ላይ መጽሐፉ ይሰቀላል። አንተን ያቆመህ የላሟ ምጥ አይደለም። ምጡ የወሰደብህ አንድ ጠዋት ነበር፤ ሌሎቹን ቀናት የወሰደብህ ሒሳቡ ነው።

ይህ የዕዳ ሐሳብ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አይደለም። አባቶቻችን ጸሎትን በቀን ሰባት ጊዜ ሲከፍሉት ለየሰዓቱ የራሱን መታሰቢያ ሰጥተውታል። ቀትር የስቅለቱ ነው፣ ተሰዓት (ዘጠኝ ሰዓት) ነፍሱን የሰጠበት ነው። ነግህ (የንጋቱ) ቢያመልጥህ ሠለስት (የሦስት ሰዓቱ) በራሱ ምስጋና ይመጣል፤ ነግህን ጎትተህ ቀትር ላይ እንድትከምረው ማንም አላዘዘህም። ያለፈው ሰዓት ከቸልታ የመጣ ከሆነ ንስሐ ይገባበታል። ከግዴታ የመጣ ከሆነ «ጌታ ሆይ፣ አየኸኝ» ብለህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ።

አንዳንዱ እዚህ ላይ «ማንም እርፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት» የሚለውን የሉቃስን ቃል ያነሣል። ጌታ ያን የተናገረው እሱን ከመከተል ስለሚያፈገፍግ ሰው ነው። መዝሙር አቋርጦ ለምታምጥ ላም የደረሰ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም መጽሐፈ ምሳሌ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል (12፥10)። የእንሽርቱ ውኃ ፈስሶ ላሟ እያማጠች ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ለውጥ ካላየህ፣ ወይም ከሁለቱ የፊት እግሮችና ከአፍንጫው ይልቅ ጭራ ወይም አንድ እግር ብቻ ከታየህ፣ ዳዊቱን ዝጋና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥራ። ጥጃው ከወጣ በኋላም ገና ሥራ አለህ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት አለበት፣ ካልጠባ በሽታ የሚቋቋምበት ኃይል አያገኝም። እንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ በእጅህ እንዳትጎትተው፤ ይበጠስና ማሕፀኗ ይመረዛል። ይህን ሁሉ ስታደርግ ነህምያን አስብ። በንጉሡ ፊት ጽዋ ይዞ ቆሞ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ባለችው ቅጽበት «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ» ይላል (2፥4)። በረት ውስጥ ቆመህ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ማለት ጸሎት ነው፤ የጸሎት ምትክ አይደለም።

ሰይጣንን በላሟ ምጥ ውስጥ አትፈልገው። እሱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ «አንዴ ከተበላሸ ዛሬን ተወው» የሚልህ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ጠንከር ልበል። የሚያቋርጥህ ሁሉ ከእግዚአብሔር የመጣ ግዴታ አይደለም። ጠዋት በሬ ጠምደህ ምራን (ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር) ቢበጠስብህ፣ ወገሉ ላልቶ ድግሩ ቢንገላታ፣ ማረሻው ዶልዱሞ ብታገኘው፣ ያ ማታ ማየት የነበረብህ ነው። ከእራት በፊት ሞፈርና ቀንበሩን በእጅህ ዳስስ፤ የሳሳ ምራን ካለ በትርፉ ቀይረህ እደር። ይህን ያደረገ ሰው የነግህ ጸሎቱን በጥገና አያጣም። ገበያ ውሎ፣ ጠላ ቤት አምሽቶ «ሥራ በዛብኝ» የሚለውንማ እኔም አልሰማውም።

የናንተ አገር ጥቁር ዋልካ አፈር ግን እውነተኛ ምክንያት ነው። ሲርስ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው፣ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ የጸሎት ሥርዓትህን ከመሬትህ ጋር አስማማው። መሠረት ይኑርህ፣ በላዩ ጭማሪ ይኑርህ። መሠረቱ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ነው፤ እሱን በሐምሌ ዘርም፣ በአረምም፣ በኅዳር አጨዳም አትነካውም። እሱም የሚያቅትበት ቀን ከመጣ አቡነ ዘበሰማያትና 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለህ ውጣ። ጭማሪው ዳዊት ነው። በቀን አንድ ንጉሥ ብትል በ15 ቀን ታደርሰዋለህ፤ ቢቋረጥብህና ወር ቢፈጅ ምንም አይደለም። የሳምንቱን ቀን ተውና ክር አድርግበት፤ ካቆምክበት ቀጥል። 12ኛው ንጉሥ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር ስላለው ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚያ ነው። ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ በ22 ክፍል የተከፈለ ስለሆነ ለሁለት ለሦስት ቀን ብትከፍለው አይከብድህም።

ከበሬ ኋላ የሚባል ነገር ከፈለግህ ረጅሙን አትያዝ፤ በሬው በየድንበሩ ሲዞር ትስታለህ። 116ኛው መዝሙር ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። 22ኛውም አጭር ነው፣ ልብም ያሳርፋል። ጥር ላይ ውድማው ሲጸዳ ግን የኅዳርን ትንሿን ድርሻ ይዘህ እንዳትቀር። ያኔ ንጉሡን ሁለት አድርገው፤ ለዐቢይ ጾምም ያዘጋጅሃል።

ወንፈሉን በተመለከተ ቃል የሰጠኸው ለሰው ነው፤ በጸሎት ስም አታፍርስ። ጎረቤትህ ሙስሊም ከሆነ ዓርብ ጁምዓ እንዳለበት አንተም ታውቃለህ፣ ሰንበትህን እሱም ያውቃል፤ ወሎ በዚህ ተስማምቶ የኖረ አገር ነው። ተራው ሰኞ ደርሶ አንተ «ሦስት ንጉሥ ይቀረኛል» ብለህ ብትቀር፣ የሱ ጤፍ ሲረግፍ ያንተ መዝሙር እንዴት ያርጋል?

ልጅህን መቆጣትህ ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። ጌታ መባ ይዞ መሠዊያ ፊት የቆመውን ሰው እንኳ «መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ፥ በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ» ብሎታል (ማቴ 5፥24)። የልጁ ጥሪ ጸሎትህን ለአንድ ደቂቃ ይገታዋል፤ ቁጣህ ግን ልጁ ጸሎት ሲባል አባቱ የሚከፋበት ሰዓት እንዲመስለው ያደርጋል። ብትችል ማታ ውዳሴ ማርያሙን አብሮህ ያንብብ፤ የሚያነብ ሰው አይጠራህም።

ወደ እሑዱ ጥያቄህ ልምጣ። «አህያው ወይስ በሬው በጉድጓድ ቢወድቅ በሰንበት ወዲያው የማያወጣው ማን ነው?» ያለ ጌታ (ሉቃ 14፥5) የወደቀውን ማውጣት ፈቀደ እንጂ አዲስ ጉድጓድ መቆፈርን አልፈቀደም። የታጨደውንና ዝናብ የመጣበትን መሰብሰብ ማዳን ነው። ያልታጨደውን «ነገም ይዘንባል» ብሎ ማጨድ ሥራ ነው። ጠቢብ ሰው ደግሞ እዚህ ችግር ውስጥ አይገባም፤ እስከ ረቡዕ ያጭዳል፣ ሐሙስ ያናፍሳል፣ ዓርብ ከምሮ ያድራል፤ ሁለቱ ሰንበታት ያለ ጭንቀት ያልፋሉ። ዓርብ ማታ አጭደህ እርጥቡን ብትከምረው ውስጡ ሞቆ ይሻግታል፤ ሜዳ ላይ ብትተወው ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆመህ ሰማይ ሰማይ ታያለህ። አንድ ቤት ሰንበት ሰበሰበ ብሎ «በረዶው በእሱ መጣ» የሚል ጎረቤት ካለ፣ አብ በጻድቃንና በኃጢአተኞች ላይ ዝናቡን ያዘንባል የሚለውን ያንብብ። በዚህ ሰበብ የተቀያየሙ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

የነገርኩህን ሁሉ ለንስሐ አባትህ አቅርብ። ስንት በሬ እንዳለህ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዝህ፣ የትኞቹ ወራት እንደሚያጣድፉህ በግልጽ ንገራቸው። ዳዊትን በሳምንት መጨረስን ለራስህ የጫንከው አንተ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑም ጨምረህ ንገራቸው። የሚሰጡህ ድርሻ ካሰብከው ቢያንስ አትከራከር፤ እስከ ትንሣኤ እሱን ያዝና ከዚያ ሄደህ አስታውቃቸው።