ሌንሴ ቅርብ ያለውን አላይም አለ

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ወፎችን ፎቶ የማነሳ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በቅርቡ ያገለገለ የካኖን ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሁለተኛ ትውልድ ሌንስ ገዝቻለሁ። ሩቅ ያሉትን ፔሊካኖች በጥራት ያነሳል፤ ቤት ውስጥ ግን ከረከቦቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ሲኒዎቹን ላነሳ ስል ምስሉ አይጠራም፣ ቁልፉን ብጫንም ካሜራው አያነሳም። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመው ስታቢላይዘሩም ቢበራ በመመልከቻው የማየው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የተበላሸ ሌንስ ተሸጦልኝ ይሆን? በጎኑ ላይ ያሉት አራት መቀየሪያዎችስ ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ ከገለጹልን ሁኔታ ስንነሳ ሌንስዎ ጤነኛ ይመስለናል፤ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ሁለት መቀየሪያዎችን ብቻ ይመልከቱ።

የመጀመሪያው የፎከስ ርቀት መወሰኛው ነው። አንደኛው ቦታው «ፉል» ሲል ሌላኛው ሦስት ሜትርንና የተጋደመ ስምንት የመሰለውን፣ ወሰን የሌለው ርቀት ማለት የሆነውን ምልክት ይዟል። በዚህ በሁለተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ሌንሱ ከሦስት ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር በራሱ ፎከስ ለማድረግ አይሞክርም፤ የእርስዎ ረከቦት ደግሞ ያለው ሁለት ሜትር ላይ ነው። ካሜራው በአንድ ጊዜ ፎከስ (ዋን ሾት) ዘዴ ላይ ከሆነ ፎከስ ካላገኘ በቀር አያነሳምና ቁልፉ የከዳዎት ለዚህ ነው። መቀየሪያውን ወደ «ፉል» ሲመልሱት ሌንሱ እስከ 98 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ይሠራል። ታዲያ መወሰኛው ለምን ተሠራ ቢሉ፣ ለእርስዎ ዓይነቱ የሐይቅ ዳር ሥራ ነው። ሌንሱ ዒላማውን ሲስት ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ርቀት ሁሉ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሲፈልግ ወፉ ይበርራል፤ ፊት ለፊትዎ ያለ ደንገልም ፎከሱን ሊሰርቅብዎ ይችላል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ሦስት ሜትር፣ ቤት ውስጥ «ፉል» ይበሉት።

ሁለተኛው የስታቢላይዘሩ ዘዴ መምረጫ ሲሆን 1፣ 2 እና 3 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። ቁልፉን በግማሽ ሲጫኑ ምስሉ የማይረጋ ከሆነ መቀየሪያዎ 3 ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህ ዘዴ ስታቢላይዘሩ የሚያርመው ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት ብቻ እንጂ በመመልከቻው ውስጥ አይደለም። አቅጣጫውን ድንገት የሚቀያይር ወፍ ለሚከተል ሰው ይህ ይመቻል። 1 ቆሞ ላለ ነገር ሲሆን በሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን የእጅ መንቀጥቀጥ ያርማል። 2 ደግሞ ካሜራውን ወደ ጎን እያዞሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሮጥን ፈረስ ወይም የሚበርርን ወፍ ለመከተል ነው፤ የሚከተሉበትን አቅጣጫ ትቶ ሌላውን ብቻ ያረጋጋል። በግማሽ ሲጫኑ የሚሰሙት ቀጭን እዝዝታም ጤነኛ ድምፅ ነው።

ብዙዎች ስታቢላይዘር የሚያረጋጋው የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የወፉን ክንፍ አለመሆኑን ይዘነጋሉ። በ400 ሚሊ ሜትር ያለ እርዳታ ለማንሳት የሻተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በልማድ 1/400 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። ስታቢላይዘሩ ከዚህ በዘገየ ፍጥነት ለማንሳት ቢያግዝም፣ ለሚበርር ፔሊካን 1/1600 ገደማ ወይም ከዚያ የፈጠነ ቢመርጡ ይሻላል።

የቀሩት ሁለቱ ቀላል ናቸው። አንዱ ፎከሱ በራስ ሰር ወይም በእጅ እንዲሆን ይመርጣል፤ ከቦርሳ ሲወጣ ተፈግፍጎ ሊዞር ስለሚችል ፎከስ እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ እሱን ይዩ። ሌላው ስታቢላይዘሩን ያበራል፣ ያጠፋል፤ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሲታሰር ቢያጠፉት ባትሪም ይቆጥብልዎታል።

ጥያቄ፦ ከካሜራዬ ጋር የተሸጠልኝ አሮጌ 18-55 ሌንስ በራሱ ፎከስ እያደረገ ሳለ ቀለበቱን በእጄ ባዞረው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አዎን፣ በአሮጌዎቹ ላይ አለው። የትናንሽ ሞተሮቻቸው ጥርሶች ከቀለበቱ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በግድ ሲዞሩ ይጎዳሉ፤ ስለዚህ መቀየሪያውን መጀመሪያ ወደ እጅ ፎከስ ያድርጉት። ከላይ የተጠቀሰው ትልቁ ሌንስ ግን ፎከስ ካገኘ በኋላ ቁልፉን በግማሽ እንደያዙ ቀለበቱን ቢያዞሩት ምንም አይሆንም።