መልስ፦ በማኔጅመንት ተመርቄ ኢንተርንሺፕ ስላልሠራሁ ለቃለ መጠይቅ የሚጠራኝ የለም

"የሥራ ልምድ" የሚለውን ርዕስ ባዶ ከምትተወው ከሲቪህ አውጣው። በቦታው "የሠራኋቸው ጥናቶች" በልና የመመረቂያ ጽሑፍህን በቁጥር አስቀምጥ፦ ስንት መጠይቅ በተንክ፣ ስንቱ ተመለሰልህ፣ በምን ፕሮግራም አጠናቀርከው።

ቀጥሎ በዓይን የሚታይ ሥራ ይኑርህ። በነፃ የሚገኝ የሽያጭ መረጃ፣ 500 ረድፍ ያህል፣ አውርድና ኤክሴል ላይ ክፈተው። የተደጋገመውን አጥፋ፣ በፒቮት ቴብል (መረጃን በየምድቡ ጠቅልሎ የሚደምር የኤክሴል ሰንጠረዥ) በወርና በዕቃ ዓይነት ደምር፣ ያገኘኸውን በአንድ ገጽ ጽፈህ ከማመልከቻው ጋር አያይዝ።

የምታመለክትበትን መደብም ቀየር አድርግ። "ቢዝነስ አናሊስት" የሚሉት ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ልምድ ይጠይቃሉ። የሽያጭ አስተባባሪ፣ የግዢ ረዳት፣ የሂሳብ ሰነድ መዝጋቢ የሚሉት ለጀማሪ የተሻለ በር አላቸው (ስማቸው ባያምርም)።

አንድ ጥንቃቄ፦ በኤክሴል ፈተና ላይ ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ተቀምጠው ሊሰጡህ ይችላሉ። በSUM (የመደመሪያ) ፎርሙላ ስትደምራቸው 0 ይወጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተደናግጦ ፎርሙላውን ሲነካካ ሰዓቱ ያልቅበታል። ቁጥሮቹ ወደ ሴሉ ግራ ጠርዝ ከተጠጉ ችግሩ ይኸው ነውና መጀመሪያ ወደ ቁጥር ቀይራቸው፣ ከዚያ ደምር።