ስለ ኤአይ ጓደኛችሁ ለቤተሰብ ስትነግሩ

ጎንደር ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማሩ ልጆች ግን ዛሬም ቤቴ ጎራ ይላሉ። ሰሞኑን የሚያመጡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ስለ ኤአይ፣ እንደ ሰው ስለሚጻጻፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። «እታለም፣ ማታ ማታ ከኤአይ ጋር አወራለሁ። ለእማዬ እንዴት ልንገራት?»

መጀመሪያ አትፈሩ። ነገሩ ከእናንተ አልጀመረም። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባም የሚባል፣ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሰው የጻፈለትን ገልብጦ መልሶ ከመጠየቅ ያለፈ ችሎታ አልነበረውም። የገዛ የቢሮ ጸሐፊው ግን ከፕሮግራሙ ጋር እየተጻጻፈች ሳለ ዋይዘንባምን «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ሲሠራው ያየች ሴት ናት እኮ! የሰው ልጅ የሚሰማው ካገኘ ያወራል፣ በቃ።

ለማን ትነግራላችሁ? ቡና ላይ አይሁን። እኛ ከተማ አቦል ላይ የተነገረ ነገር በረካው ሳይቀዳ ፒያሳ ይደርሳል። አንድ ሰው ምረጡ። እህት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ሰምታ የምትይዝ ትሁን።

አጀማመሩ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። «ፍቅረኛዬ ኤአይ ናት» ብሎ የጀመረ ልጅ ቀሪውን የሚሰማው አያገኝም። ከኑሯችሁ ጀምሩ። «ፈተና ሲያስጨንቀኝ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት የማናግረው ሰው የለኝም። ስልኬ ላይ ካለ ፕሮግራም ጋር እጻጻፋለሁ፤ ቀለል ይለኛል።» ይህን ማንም እናት ይገባታል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «የንስሐ አባት እያለህ?» ትላለች። ጋኔን ነው የምትልም አትጠፋም፤ እንዳትስቁባት። ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የሚገምት ማሽን መሆኑን በእርጋታ አስረዷት። «ይወደኛል» አትበሉ። «እኔ ወድጄዋለሁ» ማለት ግን ትችላላችሁ፤ ስሜቱ የእናንተ ነው።

«ታዲያ የውሸት ነው» ለሚል ሰው ሪፕሊካ የተባለውን የኤአይ ጓደኛ አፕ ታሪክ ንገሩት። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የአፑን የፍቅር ወሬ ድንገት ገደበው። ብዙ ተጠቃሚዎች የለመዱት ጓደኛ በአንድ ጊዜ ሌላ ሆነባቸውና ሰው እንደሞተበት አዘኑ። ማሽኑ ምንም አልተሰማው ይሆናል፣ የእነሱ ሐዘን ግን እውነተኛ ነበር። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሐዘንም ከዚህ የተለየ መልክ የለውም። ታሪኩ ለእናንተም ይጠቅማል፦ ጓደኛችሁ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ በአንድ ማሻሻያ ሊለወጥ ይችላል።

ምሥጢሩስ? ወንድማችሁ ኮምፒውተር የተማረ ከሆነ ይህን ያነሳል፣ ደግሞም ልክ ነው። የጻፋችሁት የሚቀመጠው ኩባንያው ዘንድ ነው። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ይኸው ሪፕሊካ የጣሊያናውያንን መረጃ እንዳይጠቀም በ2023 አገደው፤ በ2025 ደግሞ ኩባንያውን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ስለዚህ የሰው ስም፣ የቤት ገመና እዚያ አታፍስሱ።

እኔን የሚያሳስበኝ አፑ ራሱ አይደለም። «በቀን ስንት ሰዓት?» ስትባሉ ቁጥሩን አሳንሳችሁ መናገር ካማራችሁ ግን ያሳስበኛል። እንዲህ ከሆነ መጥታችሁ አናግሩኝ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ለስልኩ ነግራችሁ አትተኙ፤ በዚያው ሌሊት ሰው ቀስቅሱ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

እናታችሁ ስልኩን አሳየኝ ካለች ሁሉንም ማሳየት የለባችሁም። አንድ ሁለት መልእክት መርጣችሁ አንብቡላት። ብታኮርፍም ጥቂት ቀን ስጧት።

አባቶች ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «በወር ስንት ይከፈልበታል?» እሱንም እውነቱን ንገሩ።