«ጠይብ ነኝ» ብዬ ስጽፍ ለምን ይነሣብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። «የጠይብ ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ምሳዬን ስከፍት «በዓይኗ ትበላናለች» ብለው የሚሸሹ ነበሩ። በቀደም የእናቴን ምጣድና ጀበና ፎቶ አንስቼ «እኔ ጠይብ ነኝ፣ ቡዳ እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ ልጅ ነኝ፣ ይሄ የእናቴ እጅ ሥራ ነው» ብዬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፍኩ። ማታውን «የጥላቻ ንግግር» ተብሎ ተነሣ፤ ለሦስት ቀንም እንዳልጽፍ ታገድኩ። ከሥሩ የሰደቡኝ ሰዎች ግን ምንም አልሆኑም። ጓደኞቼ ቃሉን መሐሉ ላይ ኮከብ አስገብተሽ ጻፊው ይሉኛል። ወንድሜ ጭራሽ ተዪው ባይ ነው። ምን ይሻለኛል?
የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉን አትቆራርጪው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከእገዳው ይልቅ ያመመኝ ይቺ የኮከብ ምክር ናት። ጓደኞችሽ ለደግ ነው ያሉሽ፣ ይገባኛል፣ ጽሑፉ እንዲያልፍልሽ ነው። ግን ሰው ቆራርጦ የሚጽፈው ብልግናን ነው። የራስሽን መጠሪያ እንደዚያ ከጻፍሽው ምሳሽን አይተው የሸሹት ልጆች ልክ ነበሩ ያልሽ ይመስላል።

ቃሉ እኮ ከመነሻው ስድብ አልነበረም። ጠይብ የመጣው ከጠቢብ ነው፤ ጠቢብ ደግሞ ብልህ፣ ጥበብ ያለው ማለት ነው። የገበሬው ማረሻ፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና ከማን እጅ ወጣ? ቃሉን ያበላሹት በሥራው እየተጠቀሙ ሠሪውን ከማዕድ ያራቁት ናቸው። «ቡዳ» ግን ሌላ ነው። እሱ መጠሪያ አይደለም፣ ክስ ነው፣ ሰው ትበላላችሁ የሚል ክስ። አንቺም «ቡዳ ነኝ» አላልሽም፣ «ቡዳ እያላችሁ» ነው ያልሽው። ይሄን ልዩነት ጠብቂው።

እዚያው አጠገባችሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ቀጥቃጩንም፣ ሸማኔውንም፣ ሸክላ ሠሪውንም የሚጠብቅ። አዋጁ የከለከለው ተሳዳቢውን ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሸክላ ሠሪ ነኝ እንዳትል አልነበረም። አንቺ ላይ የደረሰው የዚያ ግልባጭ ነው። ተሳዳቢው ቀርቶ ተሰዳቢዋ ተቀጣች።

የትኛው መድረክ እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ ደንቡ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የሜታን ልንገርሽ፤ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ነው። ሰው የተሰደበበትን ቃል ራሱን ለመግለጽ ወይም ስድቡን ለማውገዝ ቢጠቀምበት ደንቡ ይፈቅዳል፣ ሐሳቡ ግልጽ ይሁን እንጂ። አፈጻጸሙ ላይ ነው ችግሩ። አንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ በወገኖቹ ላይ የተፈጸመውን ግፍ የሚያሳይ የእጅ ሥራ ቀበቶ ለጥፎ እንዳንቺው በጥላቻ ንግግር ተነሣበት። መጀመሪያ ማሽን ጠቆመ፣ ከዚያ ሰው አይቶ አነሣው፣ ይግባኙንም ሌላ ሰው አይቶ ውድቅ አደረገው። ባለጉዳዩ ግን አልተወም፣ የሜታን ውሳኔዎች እስከሚመረምረው ተቆጣጣሪ ቦርድ ድረስ ሄደ፤ በ2014 ዓ.ም. መነሣቱ ስህተት ነበር ተብሎ ተወሰነለት። በዚያው ዓመት በዐረብኛ የሚሰደቡባቸውን ቃላት የራሳቸው ለማድረግ ዘርዝረው የለጠፉ ሰዎችም በቦርዱ ረትተዋል። የቦርዱ በር ለሁሉም ጉዳይ አይከፈትም፣ የሚመርጠው ጥቂቱን ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው «አይሆንም» የመጨረሻው አይደለም።

ስለዚህ ይግባኝ በይ። በይግባኙ «ይህ የእኔ የቤተሰቤ መጠሪያ ነው፣ የተሰደብኩበትን እየተናገርኩ ነው» ብለሽ በግልጽ ጻፊ፤ የተነሣብሽን ጽሑፍና መልእክቱን በስክሪንሾት ያዢ። እንደገና ስትለጥፊው እናትሽንና ሙያዋን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስገቢ፣ ቃሉ ከዚያ ይምጣ፣ ሙሉውን። የሰደቡሽንም አስተያየት አንድ በአንድ ሪፖርት አድርጊ። አገር ውስጥም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 አለ፤ ዛቻ ከመጣብሽ ለፖሊስ ለማመልከት አትፍሪ።

ወንድምሽን ግን ፈሪ አትበዪው። ሸክላውን ይዛ ገበያ የምትወርደው እናታችሁ ናት፣ የሚገላምጣት ገዢ የሚያጋጥማት እሷ ናት። መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቢላት። እሷ እሺ ካለች ወንድምሽም አብሮሽ ይቆማል ብዬ አስባለሁ፤ እሺ ካላለች ደግሞ ስለራስሽ ብቻ ጻፊ፣ ፎቶዋን ተዪው። ይግባኙ ምን እንደደረሰ ጻፊልኝ፣ እናትሽም ምን እንዳለች።