ሰማዩን አይቶ «ነገ ብራ ነው» ማለት ሟርት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ማታ ማታ ምዕራቡን የማየት ልማድ አለው። ሰማዩ ከቀላ «ነገ ብራ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። በቅርቡ አንድ ወንድም ሰምቶት «ሰማይ ማንበብ የጠንቋይ ሥራ ነው፣ ኤርምያስ 10፥2ን አንብብ» ብሎ ገሠጸው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ ሥዕል እማራለሁ፤ በጥንት የልደት ሥዕል ላይ ጅራታም ኮከብ ሳይ ግራ ይገባኛል። ኮከብ የንጉሥን ልደት ካመለከተ የእኔንስ ዕጣ አያመለክትም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አባትሽ ያለ ጥፋቱ ዝም ማለቱ አሳዝኖኛል፤ ከእርሱ ልጀምር። የሚናገረውን ቃል ጌታችን ራሱ አንሥቶታል። ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያን ከሰማይ ምልክት እንዲያሳያቸው ሲጠይቁት፣ ሲመሽ «ሰማዩ ቀልቶአልና ብራ ይሆናል ትላላችሁ» አላቸው (ማቴ. 16፥2)። የነቀፋቸው ሰማዩን መለየት ስለቻሉ አይደለም፤ ያን ለይተው ፊታቸው የቆመውን ስላልለዩ ነው። ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ዝናብ ይመጣል ማለታቸውንም «እንዲሁም ይሆናል» ብሎ መስክሮላቸዋል (ሉቃ. 12፥54)። ባሕሩ በምዕራባቸው ነበርና ዝናቡ ከዚያ ይመጣ ነበር። በቀርሜሎስ ተራራ የኤልያስ ብላቴና በሰባተኛው ጊዜ የሰው እጅ የምታህለውን ደመና ያየውም ከባሕር ስትወጣ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ዘጠኝ ስብከቶች ሰብኳል። በስድስተኛው «ለምልክቶች ይሁኑ» የሚለውን ሲተረጉም ይህንኑ የጌታን ቃል ይጠቅሳል፤ ፀሐይ በጉም ውስጥ ስትወጣ እንደ ፍም ቀልታ የምትታየው አየሩ ስለ ወፈረ ነው እያለም ያስረዳል። መርከበኛውም መንገደኛውም ከዚህ ይጠቀማል ይላል። እዚያው ስብከት ላይ ግን ኮከብ ቆጣሪዎችን አጥብቆ ይገሥጻል። ማስረጃው እጅግ ደስ ይለኛል። ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ ወንድ ይሁን ሴት ታያለች፣ እስኪያለቅስ ትጠብቃለች፤ ይህ ሁሉ እስኪሆን ኮከቡ ስንት ጊዜ ቦታውን ለውጧል? እንግዲህ ዕድሉ የተጻፈው በየትኛዋ ቅጽበት ነው?

ኤርምያስም ቢሆን «ከሰማይ ምልክት አትፍሩ» አለ እንጂ አትዩ አላለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደመና አይቶ ልብስ ከስጥ ማንሣት እግዚአብሔር በሠራው ሥርዓት መጠቀም ነው። ኮከብ አይቶ ሠርግ መሰረዝ ግን ለፍጥረት መገዛት ነው።

ስለ ጅራታሙ ኮከብ ደግሞ፣ ጣሊያናዊው ጆቶ በፓዱዋ ባለው ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1305 አካባቢ የሰብአ ሰገልን ስግደት ሲሥል፣ ከጎጆው በላይ ጅራቷን የምትጎትት እሳታማ ኮከብ አደረገ። በ1301 በሰማይ የታየችውን፣ ዛሬ የሃሌይ የምንላትን ኮከብ አይቶ እንደ ሣለ ብዙዎች ያምናሉ። ይህች ኮከብ በ1066ም ታይታ ነበር። የዚያን ዓመት ጦርነት በሥዕል በሚተርከው፣ 70 ሜትር ገደማ በሚረዝመው የባዩ ጥልፍ (ጥንታዊ የጨርቅ ጥልፍ) ላይ ሰዎች ጣታቸውን ወደ እርሷ ቀስረው ቆመዋል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ሃሮልድ በዙፋኑ ላይ ዘንበል ብሏል፤ ከሥሩ የሚመጣውን ወረራ የሚያሳስቡ ሰው የሌለባቸው መርከቦች በጥላ መልክ ተጠልፈዋል። በዚያው ዓመት ሃሮልድ በጦርነት ወደቀ። ግን ለእርሱ መዓት የተባለችው ኮከብ ላሸነፈው ለኖርማንዲው መስፍን ለዊልያም ምን ልትባል ነው? ኮከቧስ አንዲት ናት። ስሙ የተሰጣት እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሃሌይ ጉዞዋን አስልቶ በ1758 ትመለሳለች አለ፤ ራሱ ግን በ1742 ሞተ። በቃሉ መሠረት ስትመለስ መጀመሪያ ያያት አንድ ጀርመናዊ ገበሬ ነበር፤ ሌሊቱም በምዕራባውያን አቆጣጠር የልደት በዓል፣ ዲሴምበር 25 ነበር። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ መንገዷን ጠብቃ የምትዞር ፍጥረት የማንንም ዕጣ አትጽፍም።

የቤተ ልሔሙ ኮከብ ግን ከዚህ ይለያል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ተራ ኮከብ እንዳልነበረ ያስተምራል፤ በቀን ይታያል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ወርዶ ሕፃኑ ካለበት በላይ ይቆማል። ይህ የከዋክብት ጠባይ አይደለም፤ ኮከብ መስሎ የታየ የማይታይ ኃይል ነው ይላል። ደግሞ አስተውዪ፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ሰብአ ሰገል ጠይቀው ቤተ ልሔም መሆኑን የሰሙት ከሚክያስ ትንቢት ነው። ልደቱን ኮከቡ አልወሰነውም፤ የተወለደው ኮከቡን አዘዘው።

ስለዚህ የጆቶን ሥዕል ያለ ፍርሃት ተማሪበት፤ ሠዓሊው ያየውን ብርሃን ለጌታ ልደት ክብር አውሎታል። የዕጣ ፈንታ ገጽ የምታነቢ ከሆነ ግን ተዪው፣ ለቀልድም ቢሆን። አባትሽን የገሠጸውን ወንድም አትቀየሚው፤ ቅናቱ መልካም ነው፣ ማቴዎስ 16ን አብራችሁ አንብቡ። ዛሬ ማታ ደግሞ ከአባትሽ ጋር ወደ ደጅ ውጪና «አባዬ፣ ነገስ?» ብለሽ ጠይቂው።